ለዚህ ሳምንት የሚሆን ነገር

መጀመሪያ የደነዘዙት የቀኝ እግሬ ጣቶች ናቸው። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ በሐይቅ ዳር ከተማችን፣ ፒያሳ በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው። የመኪናውን ፔዳል ስረግጥ ጣቶቼን ጉንዳን የወረራቸው መሰለኝ። ብዙ ስለተቀመጥኩ ነው ብዬ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን አሸት አሸት አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ተቅማጥ ይዞኝ ለቆኝ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብሎ ማን ያስባል?

ማክሰኞ ሁለቱም እግሮቼ እስከ ጉልበቴ ደነዘዙ። ረቡዕ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝና የብረቱን መደገፊያ ይዤ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ጠዋት ክር ልቆርጥ መቀስ ሳነሳ ጣቶቼ አልጨብጥ አሉኝ። የዚያኑ ቀን እህቴ ማርታ ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ማርታ በአሥራ ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ አላገባሁም፤ እሷም ባሏ ካረፈ ወዲህ የምንኖረው አብረን ነው።

ዶክተሩ ጉልበቴን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታው። እግሬ አልተነቃነቀም። ሌላውንም መታው። አልተነቃነቀም። ከወገቤ ፈሳሽ ተወስዶ ከተመረመረ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳን።

«ጊላን ባሬ ሲንድረም የሚባል ሕመም ነው። የሰውነትሽ መከላከያ በስህተት የራስሽን ነርቮች እያጠቃ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። አሁን የሚያሰጋኝ እግርሽ ሳይሆን ትንፋሽሽ ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብዬ እንድቆጥር አዘዘኝ። ሃያ ስድስት ደረስኩ። ከሰዓት በኋላ አሥራ ዘጠኝ። በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንድ። ቀትር ላይ ሰባት። ከዚያ ወዲያ አላስቆጠሩኝም።

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። በጉሮሮዬ ቱቦ ገባ። ማሽን ተነፈሰልኝ። መናገር አልችልም። እጄን ማንሳት አልችልም። ሁሉንም ግን እሰማለሁ። በደም ሥሬ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት አምስት ቀን ተሰጠኝ። ማርታ በተፈቀደላት ሰዓት ትገባለች። እግሬን ትይዘዋለች። አይሰማኝም። እንደያዘችው ግን አያለሁ።

አሥራ ሦስት ቀን እንዲህ ቆየሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን በራሴ ሳንባ ተነፈስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሆስፒታል የወጣሁት በሰባተኛው ሳምንት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ሞትን ካለፍኩ በኋላ መኖር አቃተኝ።

ማርታ ቅመም የምትሸጥበትን ሱቅ ዘግታ ቤት ዋለች። ታጎርሰኛለች፤ ታጥበኛለች፤ ፀጉሬን ታበጥራለች። ውኃ ሲያምረኝ ገና ከንፈሬን ስልስ ብርጭቆው አፌ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየመጡ ይጸልዩልኛል፤ እኔም አብሬያቸው «አንድ ቀን ጠዋት ድኜ እነሳለሁ» እላለሁ። የመጀመሪያውን ወር ተኩል ጥቂት ጥቂት ተሻሻልኩ፤ ትከሻዬ መንቀሳቀስ፣ ክርኔ መታጠፍ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ለውጥ የለም። ጠዋት እነቃለሁ፣ ጣቶቼን አያለሁ፣ እንደ ትናንቱ ናቸው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን እንሄድ ነበር። እዚያ የሚረዳኝ ባለሙያ ማቲዎስ ይባላል፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ የሲዳማ ሰው ነው። አንድ ቀን እጄን እያንቀሳቀሰ፣ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«መዳን» አልኩት።

«እሱ በእኔም በአንቺም እጅ አይደለም። ለዚህ ሳምንት የሚሆን ነገር ንገሪኝ።»

ብዙ አሰብኩ። «በራሴ እጅ መጉረስ» አልኩ። ስናገረው አፈርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ማቲዎስ ወደ ማርታ ዞረ። «እህቴ፣ አይቀየሙኝና እጅዎን ያሳርፉ። ነርቯ እየተመለሰ ነው። ጡንቻዋ ግን ሥራ ስላጣ እየሟሸሸ ነው። እርስዎ ከቀደሟት እሷ አትጀምርም።»

ማርታ ቦርሳዋን አንስታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። 

በማግስቱ ምሳ ፍርፍር አቀረበችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው። እኔ ጣቶቼን ሳህኑ ላይ ጎተትኩ። ያዝኩ፣ ወደቀ። ያዝኩ፣ ወደቀ። ልብሴ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ምግቡ ቀዘቀዘ። ማርታ እያለቀሰች ነበር፤ ግን አልተነሳችም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆነን አንድ ቁራሽ አፌ ደረሰ። አገጬ ሁሉ በወጥ ተለውሶ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከአምልኮ መልስ የሳምንቱን አንድ ነገር እንመርጥ ነበር። አንድ ብቻ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ። ጠረጴዛ ይዞ መቆም። ከአልጋ እስከ በር በመራመጃ መሄድ። አንዳንዱ በሁለት ቀን ተሳካ፤ የሸሚዙ ቁልፍ አምስት ሳምንት ፈጀ። ማቲዎስ ስንፍና ነው አላለኝም፤ «ከበደሽ ማለት ትልቅ ቆረጥን ማለት ነው፤ እናሳንሰው» ይለኝና መጀመሪያ በትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ያለማምደኛል።

አንድ ሳምንት የመረጥኩት ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ብቻዬን መሆን ነበር። ማርታ እያመነታች ዓሣ ልትገዛ ወደ ሐይቁ ዳር ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረደች። እሷ እንደሄደች መስኮት ልከፍት በመራመጃው ተነሳሁ። ግራ እግሬ ምንጣፉ ላይ ተጠለፈ። ወደቅሁ።

ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። ክንዴ ያቃጥለኛል። ጎረቤት ልጣራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ተንከባልዬ በሆዴ ተኛሁ። በክርኔ እየተጎተትኩ ወንበሩ ጋ ደረስኩ። አንድ ጉልበቴን ከሥሬ አስገባሁ። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። በሦስተኛው ተቀመጥኩ።

ማርታ ስትመለስ የተላጠ ክንዴን አይታ ዓሣውን በሩ ላይ ጣለችው።

«በቃ። ከዛሬ ወዲያ ብቻዬን ልሁን የሚባል ነገር የለም። ሰውየው የሚለውን አልሰማም» አለች። «እናቴን ቀብሬያለሁ። ባሌን ቀብሬያለሁ። አንቺን አልቀብርም።»

«እትዬ፣ ስሚኝማ። ማን ያነሳኝ ይመስልሻል?»

ዓሣውን ከበሩ ላይ አነሳች።

«ወለሉ ላይ ነበርኩ። ማንም አልነበረም። ብቻዬን ተነሳሁ።»

ወንበሩን አየች፤ ምንጣፉን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ጠቀለለችና ጓዳ አስገባችው። «ይኼ ነው የጣለሽ» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቋን ከፈተች፤ መጀመሪያ ለግማሽ ቀን፣ ኋላም ሙሉ ቀን።

በስምንተኛው ወር በከዘራ እሄድ ነበር፤ በዓመቱ ደግሞ ያለ ከዘራ ከቤታችን እስከ ሐይቁ ዳር ደርሼ፣ ድንጋይ ላይ አረፍ ብዬ ሰዎች በጀልባ ሲመላለሱ እያየሁ ትንሽ ቆይቼ፣ በራሴ እግር ተመለስኩ። ግራ ቁርጭምጭሚቴ ግን አልጸናም፤ አሁንም ጫማዬ ውስጥ የፕላስቲክ ድጋፍ አደርጋለሁ። ፔዳል እየረገጥኩ ቀኑን ሙሉ መስፋት እንደማልችል ባወቅሁ ጊዜ እንደገና ያ ግድግዳ ታየኝ። ያ ሥራ የማውቀው ብቸኛ ሥራ ነበር።

ይህን ለማቲዎስ ስነግረው፣ «ከመታመምሽ በፊትስ ምን ለመሆን ታስቢ ነበር?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልብስ ቅድ ለመማር አስብ ነበር። መስፋት ሌላ ሰው የቆረጠውን መግጠም ነው፤ ቅድ ግን ጨርቁን አይቶ ልብሱን ማሰብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉም «ሥራ ጋብ ሲል፣ ጊዜ ሳገኝ» እያልኩ አንድ ቀን እንኳ አልጀመርኩትም። ጤነኛ እግር እያለኝም የቆምኩበት ቆሜ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

በስፌት ቤታችን ቆራጭ የሆኑት ጋሽ ታደሰ ስልሳውን የዘለቁ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሄጄ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ቅድ ያስተምሩኛል? እጄ ገና ይንቀጠቀጣል» አልኳቸው።

ጣቶቼን አገላብጠው አዩ። «ጋዜጣ አይንቀጠቀጥብሽም። በጋዜጣ ጀምሪ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የአንገት ዙሪያ፣ ከዚያ እጅጌ። ጣቶቼ ሲደክሙ ጋሽ ታደሰ መቀሱን ከእጄ ወስደው፣ «ነገም ቀን ነው» ይላሉ እንጂ አይቆጡም። የምቆርጠው ወረቀት ቤታችንን ሞላው። መቀሱም ማቲዎስ ከሰጠኝ የጎማ ኳስ ይልቅ ጣቶቼን አጠነከራቸው። አምስት ወር ከተማርኩ በኋላ በእውነተኛ ጨርቅ የቆረጥኩት የማርታን ቀሚስ ነው። በግራ በኩል ትከሻው ትንሽ ይጠብባታል፤ ላስተካክለው ስላት እምቢ ብላ እንዳለ ትለብሰዋለች።

አሁን መሃል ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር እንሠራለን። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። የጣቶቼ ጫፍ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማኝም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ድካም ስለሚጥለኝ ጋደም እላለሁ። ሙሉ በሙሉ ዳንኩ አልልም። ግን ጠዋት የምነሳበት ነገር አለኝ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ድንዛዜው ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ከወጣ ቀን አትቁጠሩ፤ ሆስፒታል ሂዱ። እኔ ሦስት ቀን ዘግይቻለሁ። ከሕመሙ ወጥታችሁ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ከቀራችሁ ደግሞ «መቼ ነው የምድነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉትና ለዚህ ሳምንት የሚሆን አንድ ነገር ፈልጉ። አልሆን ካለ አሳንሱት። ያፈራችሁበት ትንሽ ነገር ምናልባት ትክክለኛው እሱ ነው።

ለምታስታምሙ ደግሞ፦ እህቴ ስትመግበኝም ወዳኛለች፣ መመገብ ስታቆምም ወዳኛለች። የከበዳት ሁለተኛው ነው።

ትንፋሼን ለመለሰልኝ አምላክ፣ ማሽኑን ቀንና ሌሊት ለጠበቁ ነርሶች፣ ለዶክተሩ፣ ለማቲዎስ፣ ለጋሽ ታደሰ ምስጋናዬ ይድረስ። ለእትዬ ማርታ ግን ምን እንደምል እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁም። በጠባቡ ቀሚስ ወደ ሱቋ ስትሄድ በመስኮት አያታለሁ፤ የሠራሁት ስህተት ከትከሻዋ ላይ ይታየኛል፤ ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።