በካርታው እጥፋት ላይ የጠፋው መንገድ

ቆሰበር ውስጥ እኔ «ዘነበ» ካልኩ ሰው መጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ሰማዩን ይፈትሻል። ሰው አይፈረድበትም፤ ወሬ እኔ እጅ ገብቶ ሳይፋፋ አይወጣም። ጠዋት ከጓሮዬ የቆፈርኳት ድንች ማታ በስልክ ስትወራ የሕፃን ራስ ታክላለች፤ በማግስቱ ሁለት ሰው ተሸክሟታል። ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። ተማሪዎቼ የተራራ ከፍታ ስነግራቸው ግማሹን ቀንሰው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመወደድ አይደለም፤ የደረሰው ሁሉ ከዚህ ጠባዬ ስለመጣ ነው።

ካርታውን ያገኘሁት አንድ መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ነው። ግቢው ውስጥ አሮጌ ወረቀት ከምረው ሊያቃጥሉ ሲሉ ከክምሩ ሥር በስምንት የታጠፈ የቶፖግራፊ ካርታ አየሁና ዘበኛውን ለምኜ ወሰድኩት። ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ የተሠራ የድሮ ካርታ ነው። ቡናማው መስመር ጋራ፣ ሰማያዊው ወንዝ፣ ትንንሾቹ ጥቁር ነጥቦች ቤት፣ መስቀሏ ቤተ ክርስቲያን፣ የተቆራረጠው ቀጭን መስመር ደግሞ የእግር መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካርታዬን በብብቴ ይዤ ገጠር መውጣት ልማዴ ሆነ። ወረቀቱ መንደር ያሳየበት ቦታ ሄጄ የድንች ማሳ ሳገኝ ሽማግሌ ፈልጌ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ካርታው ረግረግ ብሎ ሰማያዊ የቀባው ቦታ ላይ የገብስ አዝመራ አገኘሁ። ገብሱን የሚያርሙት አዛውንት እጄን ያዙኝ።

«የእናቴ ላም እዚህ ሰጥማ ቀርታለች። ይህ ወረቀት በምን አወቀ?»

«የላሟንም መልክ ያውቃል አባባ፤ ቡሬ ነበረች» አልኳቸው። ቀይ ነበረች አሉኝ። ካርታው ተሳስቷል ብዬ አለፍኩ።

አክስቴ የምትኖረው በግምጃ ቤት ከተማ በኩል፣ ከፒስታው መንገድ ወርዶ በእግር የሚገባ መንደር ውስጥ ነው። ባሏ ከሁለት ክረምት በፊት በነሐሴ ሞተ። ከእሷ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወርዶ በድንጋይ ላይ የሚሻገር ነው። ስድስት ሆነን ቃሬዛውን ተሸክመን መሐል ስንደርስ የፊተኛውን ሰው አዳለጠው። ቃሬዛው ዘመመ፤ ሬሳው በሰሌን እንደተጠቀለለ ውሃው ውስጥ ገባ። እዚህ ላይ አላጋንንም። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ግን አክስቴ ከኋላችን ዳገቱ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ዘሎ ገብቶ ሬሳውን አቅፎ ያወጣው ከስድስታችን አንዱ፣ የአጥር ጎረቤቷ ነው።

ታዲያ ኋላ የተጣላችው ከዚሁ ጎረቤት ጋር ሆነ። አክስቴ ዘንድሮ ልቧ ታመመ። ሐኪሙ «አይድከሙ» ብሎ ሲያሰናብታት ትርጉሙን ሳይነግሯት ተረዳችው። በሰኔ መግቢያ ደወለችልኝ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ቢቆርጥባትም አራተኛ ደወለች።

«እኔንስ ውሃ ውስጥ አትጥሉኝም» አለች፤ ሰላምታም አላስቀደመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነቷ ወንዙን የማይነካ የላይኛው መንገድ ነበር፤ ከደጃቸው ተነሥቶ በሜዳው አቋርጦ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያወጣል። በመሬት ድልድሉ ጊዜ ታረሰ። ቆይቶ መሬቱ ለጎረቤቷ ደረሰው፤ እሱም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተከለበት። ዛሬ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ እባብ እንኳ ጎኑን ሳያስነካ አያልፍም። አክስቴ መንገዱ ይከፈት ስትል ጎረቤቷ የመሬት ደብተሩን አወጣ፤ ደብተሩ ላይ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ያስታውሳሉ፤ ትዝታቸው ግን ዝምድና ያያል። የእሷ ዘመዶች መንገዱን እንደ ትናንት ያዩታል፤ የእሱ ዘመዶች ደግሞ በዚያ ሜዳ ድመት ስታልፍ አላየንም ይላሉ። ሁለቱም ወገን ለሽምግልና ቀን ቆረጠ።

«ያ ወረቀትህ የጠፋ መንደር ያገኛል አይደል?» አለችኝ።

«የጠፋ መርፌም ያገኛል።»

«መርፌ ምን ያደርግልኛል! መንገዴን ፈልግልኝ።»

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የተቆራረጠችው መስመር አለች! ከአክስቴ መንደር ነጥቦች ተነሥታ ወደ መስቀሏ ትሄዳለች። ልጮህ አፌን ከፈትኩና እዚያው ዘጋሁት። አራቱ እጥፋቶች የሚገናኙበት ቦታ ስንት ዓመት በብብቴ ሳሸው ተበልቶ ቀዳዳ ሆኗል። ቀዳዳው ያረፈው ደግሞ እዚያው የጎረቤቷ መሬት ላይ ነው። መስመሯ በአንድ ወገን ትገባለች፤ በሌላ ወገን ትወጣለች፤ መሐሏ ላይ ግን የጠረጴዛዬ እንጨት ይታያል።

ከደብተር ወረቀት ቆርጬ ከጀርባው በሙጫ ለጠፍኩ። እስከዚህ ድረስ ጥገና ነው። ቀጥዬ አንድ ተማሪ የረሳትን ቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ አነሣሁ። መንገድ በዚህ ከገባ በዚያ ከወጣ መሐሉን በክንፍ አልበረረም፤ አለ ማለት ነው፤ ያለውን ነገር መሣል ደግሞ ውሸት አይደለም አልኩ። አምስት ትንንሽ ሰረዞች ሣልኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በቀጠሮው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የአጥቢያው አረጋዊ ቄስ ነበሩ። አክስቴ በርጩማ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በየሦስት ቃሉ ትንፋሿን እየሰበሰበች ተቀምጣለች። ሰማዩ በምሥራቅ ጠቁሯል፤ ወንዙ ከታች መጮህ ጀምሯል። ጎረቤቷ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ረጅም ሰው ነው፤ የጣቶቹ ስንጥቅ ውስጥ የከሰል ጥቁረት ገብቶ ቀርቷል።

«መምህር፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» አሉ ቄሱ።

«ወረቀቱ መንገድ ነበረ ይላል አባ።»

«ወረቀቱ ነው የሚለው ወይስ አንተ?» አለ ጎረቤቷ። «አምና ገደልኩ ያልከው እባብ ራሱ እዚህ ሆኖ ጅራቱ ጫግኒ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካርታውን አንጥፌ መስቀሏን፣ ነጥቦቹን፣ ወንዙን አሳየኋቸው። ወንዙን ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ተጠጉ፤ መታጠፊያውን ሁሉ አወቁት። «ይኸ እኮ የእኛ ጅረት ነው!» አለ አንዱ። ከዚያ መንገዷን በሣር ስንጥር ተከትዬ ከደጃፍ እስከ ደጀ ሰላም አደረስኩ። አክስቴ ቀና አለች። ከጎረቤቷ ዘመዶች አንዱ «እንግዲህ የመንግሥት ወረቀት ነው…» ብሎ አገጩን አከከ።

«እስቲ አምጣው» አለ ጎረቤቷ።

መስጠት አልነበረብኝም፤ አለመስጠትም አልቻልኩም። ካርታውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ቆየ። ከሰል የሚያከስል ሰው ጭሱ መልኩን ሲለውጥ እያየ የሚያድር ሰው ነው፤ የጥቁር ዓይነት ይለያል። አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ከመስቀሏ አጠገብ ያለውን መስመር አሸት አደረገ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ጣቱን እንደገና አረሰና መሐሉን አሸው።

አምስቱ ሰረዞች እንደ ቀጠፉት እንጆሪ ሐምራዊ ሆነው ተለቀለቁ።

«አባ» አለ በዝግታ፣ «ይህ መንገድ ገና አልደረቀም።»

ማንም አልሳቀም። ቄሱ ካርታውን ተቀብለው አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ይማልልኝ!» አለ ጎረቤቷ ተነሥቶ። «ካርታው ሲሠራ ጀምሮ የነበረ መስመር ነው ይበልና መስቀሉን ይጨብጥ። ካለ ነገ ዛፌን እቆርጣለሁ።»

ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ዘረጉ። በዚያች ቅጽበት መቶ ውሸት አፌ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ዝናብ ነክቶት ነው፣ የድሮ ቀለም እንዲህ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አድሰውት ነው። ሁሉም ያምራሉ። አክስቴን አየኋት። ዓይኗ «በል» ይል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እጄን አነሣሁ፤ መስቀሉ ጋ ሳይደርስ ወረደ።

«መሐሉን እኔ ነኝ የሣልኩት» አልኩ። «ጫፍና ጫፉ ግን የታተመ ነው አባ! ቀዳዳ ሆኖብኝ ነው። ጫፎቹን ይዩልኝ!»

«ወተት ውስጥ ዝንብ ቢወድቅ፣ ዝንቡ የነካውን ትተን ሌላውን እንጠጣለን?» አሉ ቄሱ። ካርታውን አጥፈው ጉልበታቸው ሥር አስገቡት። «ይህ ወረቀት ከእንግዲህ አይመሰክርም።»

አክስቴ በአማርኛ አልተናገረችም። በአዊኛ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ውሃው ውስጥ የጣልከኝ አንተ ነህ» አለችኝ።

ጎረቤቷ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ሊሄድ ዞረ። «ቁም» አሉት ቄሱ። መስቀሉ እንደተዘረጋ ነው። «ተራው ያንተ ነው።»

«የእኔ? እኔ ምን ሣልኩ?»

«ሰውየውን በመሐላ ፈተንከው። መሐላ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም፤ የጠራው ሰውም መስቀሉን ይጨብጣል። "በዚህ መሬት መንገድ አልነበረም" በልና ማል። ከዚያ ማንም ሽማግሌ ይህን ነገር አያነሣብህም።»

ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከማለ ለዘላለም አለቀ። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ እጁን ዘረጋ። ያ ጥቁር እጅ ከመስቀሉ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ» አለ።

«አላውቅም ብለህ ማል አላልኩህም። አልነበረም በል።»

ወንዙ ይሰማል። ከዲከረንሱ ጫፍ ነፋስ ሲያልፍ ይሰማል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ስለዚህ አልናገርም። ጎረቤቷ እጁን መልሶ ሱሪው ላይ ጠረገው። መሐላ ነክቶት ሳይሆን ሊነካው ስለነበረ የሚጠርግ ይመስል ነበር።

«ቃሬዛ የሚያሳልፍ ያህል እተዋለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ከብት ግን አይነዳበትም።»

«ለማን ነው የምትተወው?» አለች አክስቴ።

«ለእርስዎ ነዋ እማማ።»

«ለእኔ ብቻ? ያንተ እናት በክንፍ ነው የምትሄደው?»

ጥርሱን ነከሰ። «እሺ፤ ለሞተ ሁሉ።»

ሽማግሌዎቹ ለእኔም አልነፈጉኝም፤ ዛፉን የምቆርጠው እኔ ራሴ እንድሆን ፈረዱ። መንገዱ ልክ በየት በኩል እንደነበረ ግን ቆርጦ የሚናገር አልተገኘም። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ገመድ ከአክስቴ ደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተወጠረና ሦስት ቀን ቆረጥኩ። ጎረቤቷ ከኋላዬ ቆሞ ግንዱን ለከሰሉ እየከመረ፣ «ወደ ግራ አትብላብኝ!» ይለኛል። መዳፌ ተላጠ። ሁለተኛው ቀን ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ አክስቴ ደግሞ ከአልጋ አልተነሣችም፤ ስለዚህ በጭቃ ውስጥም ቆረጥኩ። ትክክለኛው መንገድ ገመዱ ያለፈበት ይሁን አሥር እርምጃ ወደ ቀኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ከዘራዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ሳልሞት ልየው።»

«ሐኪሙ አትድከሚ ብሎሻል» አልኳት።

«ሐኪሙ የሚቀበረው ሌላ ቦታ ነው።»

ወደ መንገዱ ገባች። እኔ በአንድ በኩል፣ ጎረቤቷ በሌላ በኩል ተከተልናት፤ ማንንም አላስያዘችም። ሃያ እርምጃ፣ ቆማ ትንፋሽ። አሥር እርምጃ፣ ቆማ ትንፋሽ። ከሁለቱም ወገን ዛፉ እንደ ግድግዳ ነው። መሐል ላይ ስትደርስ ከንፈሯ አመድ መሰለ። ልደግፋት ስል በክርኗ ገፋችኝ። ጎረቤቷ የደረቀ ቅርንጫፍ ከፊቷ አንሥቶ ያዘ። ትንፋሿ ሲመለስ መሬቱን በከዘራዋ መታ መታ አደረገች።

«እዚህ ላይ ታሳርፉኛላችሁ» አለችን፤ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ካህናቱ ፍትሐት እያደረሱ በየመንገዱ ያሳርፉታልና። «ግን ጉቶ አለ። እንዲህ ሆኖ ቃሬዛው ይዘማል።»

ጎንበስ ብሎ ጉቶውን በእጁ ዳሰሰ። «እነቅለዋለሁ እማማ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

«ነገ ደግ ነው፤ ነገ የትም አልሄድም» አለችና ከዘራዋን ወደ ፊት ተክላ መንገዷን ቀጠለች።