አባቦራና ቀድሞ የተጻፈው ሰዓት

አባቦራ መጻፍ አይወድም። ልጅ ሆኖ ሰቃ ገጠር ሳለ ለቡና ለቀማ ሰው አጥሮ፣ አባቱ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያስቀሩት። ጅማ ከተማ አንድ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ እያጠበና እያቀበለ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላው፤ አሁንም ሰው እያየው ብዕር ከያዘ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሥራ ሰዓት የሚመዘገብበትን ቅጽ ጠዋት፣ ብቻውን ሳለ ቀድሞ ይሞላዋል። የታዘዘውን ሰዓት ይጽፋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሥራውን ይሠራል። እስከዚያች ዓርብ ድረስ ደቂቃ አሳልፎ አያውቅም።

የዚያች ዓርብ ሥራ የነጅላ ነው። ነጅላ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ በውሰት ከመጣ የኒውትሮን ምንጭ ስንት ፈጣን ኒውትሮን እንደሚወጣ ትለካለች። ኒውትሮን በዓይን አይታይም። ሳንቲም የምታህል የኢንዲየም ብረት ምንጩ አጠገብ አምስት ሰዓት ትቀመጣለች፤ ኒውትሮን ሲመታት ራሷም ጨረር መስጠት ትጀምራለች፤ ያ በመቁጠሪያ መሣሪያ ይቆጠራል። ግን ከወጣች ወዲያ ጨረሯ ይፈዛል፤ በአራት ሰዓት ተኩል ግማሹ የለም። የወጣችበት ደቂቃ ካልታወቀ ስሌቱ ይበላሻል።

የቀደሙትን ሦስት ብረቶች ያወጣው አባቦራ ነው፤ ዓርብም ነጅላ ክፍል ስለምትገባ፣ አራተኛዋን ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ማውጣት የእሱ ድርሻ ሆነ።

«ጁምዓ ነው እኮ ኦቦ አባቦራ፤ ሌላ ሰው ልጠይቅ?»

«ሄርማታ መስጊድ ሰግጄ በባጃጅ እመለሳለሁ። እደርሳለሁ ኢንሻአላህ።»

ሲመለስ እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቶታል። ከባጃጁ ወርዶ ሮጠ። ብረቷን በመቆንጠጫ ሲያወጣ የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሁለት ይላል። ቅጹ ላይ ግን ሰባት ከሃያ፣ ያውም በጥሩ ጽሑፍ። ቢሰርዘው ነጅላ ትጠይቀዋለች። ተወው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ ቁርስ ቀረበ።

«ሦስቴ ተነሥተህ ተቀመጥክ» አለች ሚስቱ መድና። «ወንበሩ እሾህ አብቅሏል?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይቁነጠነጥም።»

ላቦራቶሪ ሲደርስ ነጅላ ወረቀቶቿን ዘርግታ ጭንቅላቷን ይዛለች። «ሦስቱ ብረቶች ተስማምተዋል፤ የትናንትናዋ በሃያ በመቶ በልጣለች። መቁጠሪያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ከተበላሸ ደግሞ ሦስቱንም አላምናቸውም። ምንጩ ሰኞ ይመለሳል፤ ልደግመው አልችልም። ሁሉንም እጥለዋለሁ።»

አባቦራ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ጠረገ።

«መቁጠሪያው ደህና ነው» አለ።

«ፊዚክስም ጀመሩ እንዴ?»

አልሳቀም። «ያወጣኋት ስምንት ከሁለት ላይ ነው። ቅጹን… ጠዋት ነው የጻፍኩት። ሰው ሲያየኝ አይጻፍልኝም።»

ነጅላ ቀና አለች። «የሌሎቹንስ?»

«የእነሱንም ጠዋት ነው። ግን በሰዓታቸው ነው የወጡት፤ ወላሂ።»

ካልኩሌተሯን አነሣች። ብረቷ ምንጩ አጠገብ አርባ ሁለት ደቂቃ አብልጣ ተቀምጣለች፤ የፈዘዘችበት ጊዜም በዚያው ልክ አጥሯል። ቁጥሩ ወርዶ ከሦስቱ ጎን ቆመ። ነጅላ ግን ፊቷ አልፈታም።

«ትናንት ቢነግሩኝ ኖሮ ሌሊቱን በሙሉ መቁጠሪያውን ስፈታ አላድርም ነበር» አለች። ቅጹንና ብዕሩን ገፋችለት። «ይሰርዙና እውነተኛውን ይጻፉ፤ ይፈርሙም። ዞር ልበልልዎት?»

አባቦራ ብዕሩን አየ፤ እሷን አየ።

«አይ፤ እዚሁ ሁኚ» አለ።

ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ስምንቷ ተንጋደደች፤ ሁለቷ ከመስመር ወጣች። ነጅላ እጇን አጣጥፋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።