ሳሙኔ አጥባ ያስረከበችው ቤት

ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ።

ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «እትዬ ሳሙና» ይላት ነበር። እኔ እኩያዋ ስለሆንኩ «ሳሙኔ» እላታለሁ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ ከጭንቅላቴ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከባሏ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። የተዋወቅነው በጠብ ነው። በረንዳዋን ስታጥብ ውሃው ወርዶ የደንበኛዬን ኮት አበሰበሰብኝ። እየተንጨረጨርኩ ወጥቼ በሯን ብደበድብ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ አረፋ በአረፋ ሆና ከፈተችልኝ። የስድቡን መጀመሪያ ሳልጨርስ ኮቱን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ይሄ የኔ ውሃ አይደለም፤ የቆየ የዘይት እድፍ ነው። ተይልኝ» አለች።

በማግስቱ ስትመልስልኝ ደንበኛዬ የራሱ ኮት መሆኑን ሊያምነኝ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳንገናኝ የዋልነው በጣት የሚቆጠር ነው።

ሳሙኔ ሀያ ስድስት ዓመት ያገለገለችው ሆስፒታል ውስጥ፣ አንሶላና ጋዋን የሚታጠብበት ክፍል ነው። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ እንደማይነካ፣ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ አብስሎ እንደሚያስቀረው ያስተማረችኝ እሷ ናት። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ልጅ አልሰጣቸውም። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እሱ ግን ቀልዱ አልተነካም። ቀኑን ሙሉ በዋናው መንገድ ላይ ባለው መስኮት ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይገመግማል። «አንተ ፍሬን ያዝ! ድንች ነው እንዴ የጫንከው?» ሲል እታች ቤቴ ድረስ ይሰማኛል።

እሱ ከታመመ ወዲህ ግን ቤቱ እንደ ድሮው አልነበረም። ከላይ ፎቅ የሚያፈሰው ቧንቧ መታጠቢያ ቤቱን አሻግቶታል። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ከምድጃው በላይ ጠቁሯል። ሳሙኔ እያየች ታልፈዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የምታጥበው ባሏን ነበር፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ። ለጣሪያ የሚተርፍ ጉልበት ከየት ይምጣ?

በዚህ መሀል የቤቱ ባለቤት፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሞቱ። ቤቱ ለልጃቸው ደረሰ። እኛ «ወራሹ» እንለዋለን። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጣ። ተቀመጥ ብትለው እንቢ አለ፤ ወጥ ቤቱን በበሩ አጮልቆ አየ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ ዘጋ።

«እትዬ፣ ቤቱ አልቋል። ይሄው ጥላሸት ጠጥቷል፣ ሻግቷል። አፍርሼ ነው የምሠራው። በሁለት ወር ውስጥ ልቀቁልኝ።»

እሱ እንደወጣ ወደ እኔ ወረደች። የሚያስለቅሳት መልቀቁ መስሎኝ ነበር። «ሻግቷል አለኝ እኮ! ለኔ! እኔን ሻግቷል አለኝ!» እያለች ጉልበቷን ትመታለች።

እንግዲህ ምላሴን ያኔ ቢቆርጠው ጥሩ ነበር። «ታዲያ ለምን አናጥበውም?» አልኳት። «ሁለታችን ሆነን እንደ አዲስ እናድርገውና ምሳ ጥሪው። ከነሚስቱ ይምጣ። ንጹህ ቤት አይቶ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ 'ውጡልኝ' የሚል ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።»

ፊቷ ወዲያው ፈካ። ወጥተን ለባሏ ስንነግረው እሱ ብቻ ከመስኮቱ ሳይዞር፣ «ሰውየው የፈለገው ቤቱን ነው፤ ንጽህናውን ማን ጠየቀሽ?» አለ። «አንተ ደግሞ አውቶቡስህን እይ» አልነው።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። መጀመሪያ ቧንቧ ሠሪ አስመጥታ የሚያፈሰውን አስጠገነች። ከዚያ መሰላል ከጥበቃው ተውሰን ጣሪያውን ጀመርን። እሷ መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛ ከታች ታዛለች፣ እኔ ከላይ እፈትጋለሁ። ጥላሸቱ በሶዳና በሙቅ ውሃ ሲለቅ በክርኔ በኩል እየወረደ ብብቴ ይገባል። ሻጋታውን በአቸቶ እየነከርን እናሳድረዋለን። ደክሞኝ በረኪናም ልጨምርበት ብል እጄን መታችኝ። «ሁለቱ አንድ ላይ አይደረግም! ሳንባሽን ጠልተሽዋል እንዴ?» የሴራሚኩን መጋጠሚያ ያጸዳነው በጥርስ ብሩሽ ነው፤ አራት ብሩሽ አለቀ። ምድጃውን ከቦታው ስንስበው ከኋላው ያለው ግድግዳ ላይ ጣት የሚያህል ቅባት ተጋግሯል። በቢላ ጀርባ ፍቀን ስናነሳው፣ ዕድሜ ልካችንን ግራጫ የመሰለን ሴራሚክ ለካ ሰማያዊ ኖሯል። ሳሙኔ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ቁጭ አለችና ሳቀች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር ሰማያዊ ወጥ ቤት እንዳለኝ ሳላውቅ!»

እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን አልፎ ነበር። ባሏን በየክፍሉ በወንበር እየጎተትን «ይሄን እይ፣ ያንን እይ» እንለዋለን። እሱም እንደ ተቆጣጣሪ ጣቱን መስታወቱ ላይ እየጎተተ፣ «ያልፋል» ይለናል።

እሑድ ምሳው ሆነ። ዶሮውን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሳድራ፣ በድንችና በካሮት ከብባ ኦቨን ውስጥ ከተተችው። ምስር ሾርባ ሠራች። ዳቦውን ራሷ ጋገረች። ሽታው ደረጃውን ሞልቶት የአራተኛ ፎቅ ሰዎች «ምን ተገኘ?» እያሉ ሲያልፉ ነበር። ለባሏ ሸሚዝ እኔ አጥብቤ ሰፋሁለት፤ ከስቶ ስለነበር የድሮው ይንሳፈፍበታል።

ወራሹ ከሚስቱ ጋር መጣ። እሱ በላ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ሲበላ ያምርበታል፤ ሦስት ጊዜ ጨመረችለት። ሚስቱ ግን ሁለት ጉርሻ እንደበላች ተነስታ ቤቱን ትዞር ጀመር። ቁምሳጥን ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ትዘጋለች። ወጥ ቤት ገብታ ሰማያዊውን ሴራሚክ በጥፍሯ አንኳኳች።

«እማማ፣ ይሄ አዲስ ቀለም ነው?»

ሳሙኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እማማ መባሉን ዋጥ አደረገችው። «ኧረ ቀለም የለውም የኔ ልጅ። ሳሙና ነው።»

ሚስቲቱ ተመልሳ ለባሏ ጆሮ አንሾካሾከች። ወራሹ አፉን ጠረገና፣ «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ። «እውነቱን ለመናገር ቤቱን ላፈርሰው ነበር። አሁን ሳየው ግን ማፍረስ አያስፈልገውም።»

ከጠረጴዛው ሥር የሳሙኔን እጅ ጨበጥኩ። እሷም ጨበጠችኝ። እጇ ከዘጠኝ ቀን ሶዳና አቸቶ በኋላ እንደ ሽቦ መፈተጊያ ሻክሮ ነበር።

«ስለዚህ እኛው እንገባበታለን» አለች ሚስቲቱ። «እድሳት ከሌለው ደግሞ ሁለት ወር መጠበቅ አይኖርብንም። በዚህ ወር መጨረሻ ብትለቁልን ይበቃናል።»

 የባሏ፣ የሾፌሩ፣ ሳቅ ተሰማ። በሚታዘዝለት ግማሽ አፉ ነው የሚስቀው።

«አንቺ ሴትዮ» አላት ሳሙኔን፣ «ቤቱን ሞሽረሽ ዳርሽው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። ቆጡን ያሳየኋት እኔ ነበርኩ። በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ብሞክር፣ «አንቺ ምን አደረግሽ? ዘጠኝ ቀን አብረሽኝ ፈተግሽ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያገኙት ቤት ከጋራዥ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። መሬት ላይ መሆኑ ለወንበሩ ይመቻል። መስኮቱ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት የጎረቤት ግድግዳ ያያል። ሾፌሩ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ብቻ ነው፤ የሚገመግመው ነገር የለም። ወሬው እየቀነሰ ሄደ።

ወር ሳይሞላ ሚስቲቱ ቤቴ መጣች። «ያቺን እማማ የት አገኛታለሁ? በሳምንት ሁለት ቀን ታጽዳልን፣ ምግብም ትሥራልን።» አድራሻውን ነገርኳት። አዎ፣ ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሳሙኔ እንቢ ትላታለች ብዬ ነበር፤ እሺ አለች። ለምን ብዬ ስቆጣት፣ «ቤቱን ማን ያውቀዋል? ምድጃውን እንኳ መሳብ አያውቁበትም፤ ያበላሹታል» አለችኝ፤ የሰው ቤት ሳይሆን የታመመ ዘመድ ትታ የመጣች ይመስል።

ለባሏ ግን፣ «የምሠራው ዶክተር ቤት ነው» ብላ ነገረችው።  ከወር በኋላ አንድ ቀን ሾርባ ስታጎርሰው ጠየቃት።

«የዶክተሩ ቤት ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«ሦስተኛ።»

«መስኮቱ በዋናው መንገድ ነው?»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አሳረፈች።

«ሰባት ቁጥር አሁንም በሰዓቱ ያልፋል?»

«ያረፍዳል» አለችው።

«ያ ሰነፍ!» አለ። ሁለተኛ ስለ ዶክተሩ አላነሳም። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትመለስ የትኛው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ሳይጠይቃት ትነግረው ነበር።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ወራሹና ሚስቱ ቤታቸውን ሊያሳዩ እንግዳ ጠሩ። ሳሙኔ ከጠዋት ጀምራ ታጥባለች፣ ትከትፋለች፣ ታበስላለች። እንግዶቹ መጥተው «እንዴት ያምራል!» ሲሉ ሚስቲቱ ስትመልስ ወጥ ቤት ሆና ሰማች።

«ስንረከበው ብታዩት! የቆሻሻ ጉድጓድ ነበር። እዚህ የነበሩት ሰዎች እንዴት እንደኖሩበት እንጃ። እኛ ነን እንዲህ ያደረግነው፤ ይሄን ሰማያዊ ሴራሚክ እንኳ መርጬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሳሙኔ ትሪውን ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ ቆመች።

«ቆሻሻ አልነበረም» አለች።

«ምን አሉ እማማ?»

«ቆሻሻ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠብኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው።»

 ወራሹ ሹካውን አየ። እሱ ያውቃል፤ ዶሮውን በልቷል። ሚስቲቱ ሳቀች። «ሥራ ሲበዛባቸው እንዲህ ይቀላቅሉብኛል፤ ዕድሜ ነው» አለች። እንግዶቹም ከንፈራቸውን መጠው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። አንዲቷ እንግዳ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት፣ «እማማ፣ ጨው ያምጡልኝ» አለቻት።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ያን ዕለት ከሰዓት፣ እንግዶቹ ከሄዱ፣ የመጨረሻው ሳህን ከታጠበ በኋላ፣ ቤቴ ወርዳ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ተቀምጣ ነው። የሚስቲቱን ቅጥፈት እያነሳሁ ስሳደብ አልሰማችኝም። እሷን የያዛት ሌላ ነበር።

«ጨውን አመጣሁላት እኮ» አለችኝ። «እንደዚያ ብለውኝ፣ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ጨው ይዤላት ተመለስኩ።»

ያን ነገር እየደጋገመች ነው የሄደችው። ወደዚያ ቤት ተመልሳም አልወጣች። እነሱ በሳምንቱ ሌላ ሠራተኛ ቀጠሩ፤ ወራሹን ደረጃ ላይ ሳገኘው ሰላም ይለኛል፣ እኔም እግዜር ይይልኝና መልስ እሰጠዋለሁ። የምኖረው በእነሱ ሥር ነው።

አሁን እሑድ እሑድ ወደ ጋራዡ ጀርባ እሄዳለሁ። ባለፈው ስደርስ ሳሙኔ የሾፌሩን ሸሚዞች ተኩሳ፣ አጥፋ አልጋው ላይ እንደ መጽሐፍ ደርድራቸዋለች። ትንሿ ምድጃ ላይ ሽንኩርትና ካሮት ያለበት ሾርባ ይንተከተካል። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል። ወሬ ሳንጀምር ከውጭ የአከራይዋ ድምፅ ተሰማ፤ ደህና ሴት ናት፣ ለመጠየቅ ብላ ብቅ ትላለች።

ሳሙኔ እንደ ልጃገረድ ብድግ አለች። ድስቱን ከድና እሳቱን አጠፋች። መስኮቱን ከፍታ ሽታውን አስወጣች። ከዚያ ያጠፈቻቸውን ሸሚዞች በሁለት እጇ አፍሳ አልጋው ላይ በተነቻቸው። አንዱን መሬት ላይ ጣለችው። መጥረጊያውንም ክፍሉ መሀል አጋደመችው።

አከራይዋ አንገቷን አስግጋ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ፣ ክፍሏ ጠበበቻችሁ አይደል?»

«በጣም» አለች ሳሙኔ። «ለሰው አትሆንም። ምን ይደረግ ብለን ነው።»

አከራይዋ «አይዟችሁ» ብላ ሄደች። ሳሙኔ እርምጃዋ እስኪርቅ በሩ ጋ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ መሬት የወደቀውን ሸሚዝ አነሳች፣ አራገፈችው፣ ኮሌታውን አስተካክላ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። እኔም ሌላውን አነሳሁ።