ግማሹ ብቻ የወጣው የልጄ ውል

ይህ የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል። እኔ ግን ያንን እሑድ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። በገዛ እጄ የተበላሸ ነገር ስለሆነ ለሰው ማውራት ይከብደኝ ነበር። መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ልጄ ትርንጎ ትምህርቷን ስትጨርስ የኮምፒውተር ጽሕፈት ተማረች። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታ ሰቆጣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየችና ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ከአበርገሌም ከጋዝጊብላም ለክርክር የመጣ ሰው ደጇ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት እንደሠራች ሌሎችም ጎን ለጎን ከፈቱና ሥራው ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብላ ተነሣች። ለመንኳት፣ አልሰማችኝም።

ከመሄዷ በፊት ኮምፒውተሩን እኔ ቤት አስቀመጠችው። የሥራ ውሏን ቅጂም እዚያው ውስጥ አስገባችው። የአሠሪዋ ስም፣ የሚኖሩበት ከተማና ስልክ ቁጥራቸው የተጻፈበት ወረቀት ነው። ዋናውን እሷ ይዛው ሄደች።

“እማ፣ ወረቀት ይጠፋል፣ አይጥም ይበላዋል። እዚህ ውስጥ ከሆነ አይጠፋም። ከቸገረሽ የሚያውቅ ሰው ያወጣልሻል” አለችኝ። ዝም ብሎ ከቆመ እንደሚበላሽ ነግራኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድከፍተው አከፋፈቱንና አዘጋጉን አሳየችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ያሳየችኝን ግን አልረሳሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍተውና ከፊቱ እቀመጣለሁ። ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው የእሷ ፎቶ ነው። እሱን አይቼ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቼ እዘጋዋለሁ።

የሰቆጣን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲፒዩ የሚሉትን ትልቁን ሣጥን አቧራ እንዳይገባበት አቡጀዲ ገዝቼ በልኩ ሽፋን ሰፋሁለት። ቁልፉ ጋ ብቻ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተውኩ። ከኋላው ብዙ ክፍተት አለው። አይጥና በረሮ እንዳይገባ እሱንም በጨርቅ ወትፌ ዘጋሁት። ስከፍተውም ሽፋኑን አላወልቅም ነበር።

የባሌ እኅት ዘውዴ ትስቅብኝ ነበር። “አንቺ፣ ቀሚስ አልብሰሽ ልትድሪው ነው?”

“ልጄ ስትመጣ እንደተወችው ታግኘው” እላታለሁ።

ትርንጎ በየወሩ በጎረቤት ሱቅ ስልክ ትደውልልኝ ነበር። ዓመት ሊሞላት ሲል ድምፅዋ ጠፋ። አንድ ወር ታገሥኩ፣ ሁለት ወር ታገሥኩ። ሰባት ወር ሆነ። የላካት ደላላ ስልኩን ዘጋ። ተበድሬ አዲስ አበባ ወረድኩና ዓረብ አገር የጠፉትን የሚያስፈልግ አንድ ቢሮ አመለከትኩ። የተቀበለኝ ሰው እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

“እናቴ፣ የአሠሪዋን ስምና ስልክ ካመጡልኝ እናስፈልጋታለን። ያለዚያ አገሩ ሰፊ ነው” አለኝ።

ቤት አለኝ አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ስመለስ ልቤ ቀሎኝ ነበር። ልጄን ያገኘኋት ያህል ነው።

ቤቴ እንደገባሁ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት፣ አልተነሣም። አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ውስጡ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጥቁር ማያ ላይ ነጭ ፊደል ጽፎ ቆመ። ደጋግሜ ሞከርኩ። የእሷ ፎቶ አልመጣም። ያለፉትን ሁለት ቅዳሜዎች የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ነገር ሸቶኝ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን አቶ ኪሮስ የሚባል የፃግብጂ ሰው አለ አሉኝ። ሄጄ ለመንኩት። ጎልማሳ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጣ። ሽፋኑን ሲያይ ሳቀ።

“እትዬ፣ ይሄን ወይባ ነው እንዴ ያስገቡት?”

የወይባ ጭስ ለመሞቅ እስከ አንገቷ ተሸፍና የምትቀመጥ ሴት ታየችኝና እኔም ሳቅሁ። ሽፋኑን አወለቀ። ከኋላ የወተፍኩትን ጨርቅ ሲመዘው ግን ሳቁ ቆመ። ጨርቁ ጠቁሮ ነበር።

“ይሄን ማን ወተፈው?”

“እኔ ነኝ። አይጥ እንዳይገባ ብዬ።”

“የሚተነፍሰው በዚህ ነበር” አለኝ ቀስ ብሎ። “ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ውስጡን ጎድቶታል።” ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቦርሳው አንድ ሲዲ አወጣ። “የራሱ መነሻ ተበላሽቷል። ይሄ ሲዲ ከውጭ ያስነሣዋል። እግሩ የተሰበረን ሰው በቃሬዛ እንደመሸከም ይቁጠሩት። አይድንም፣ ግን ውስጡ ያለውን ያሳየናል” አለኝ።

ሲዲው እየተሽከረከረ ብዙ ቆየ። ከዚያ የማላውቀው ሥዕል መጣ። ኪሮስ ከአንዱ ወደ ሌላው እየገባ የወረቀቶቹን ስም ያነብልኝ ጀመር። የመሬት ክርክር፣ የፍቺ፣ የቀለብ። ልጄ ለሰው የጻፈችው ሁሉ አለ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ “የኔ ውል ይላል” አለኝ።

“እሱ ነው” አልኩት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ ፎቶዋ፣ ቀጥሎ ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የትውልድ ቦታዋ ሰቆጣ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አመድ መሰለ። የአሠሪዋ ስምና ስልክ ያለው እዚያ አመዱ ውስጥ ነው።

ኪሮስ የወጣውን ግማሽ በፍላሽ ገለበጠና ወደ እኔ ዞረ።

“ዲስኩ እዚህ ላይ ታሟል። ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው፣ አሁኑኑ አጥፍተን ዲስኩን አውጥቼ አዲስ አበባ መላክ ነው። እዚያ ከኔ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው አሉ። የማምነው ሹፌር ማክሰኞ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ የታመመውን ቦታ እየዳበሰ የሚያነብ ሌላ ሲዲ አለኝ። ግን ዲስኩ ደክሟል፣ ስንዳብሰው ሊሞት ይችላል። እኔ ብሆን እልከዋለሁ።”

“ለሹፌር?”

“በደንብ ጠቅልለን። እትዬ፣ ይመኑኝ።”

“አንተንስ አምናለሁ። መንገዱን ነው የማላምነው።”

ክረምት ነው፤ ቢረጥብስ? ቢወድቅስ? ሹፌሩ አንድ ቦታ ረስቶት ቢሄድስ? ከቤቴ አይወጣም አልኩ። ሁለት ጊዜ መከረኝ፣ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩት። ልጄን በዚያው መንገድ ለማላውቀው ደላላ አሳልፌ የሰጠሁ ሴት ነኝ። መዳፍ የምታክል ብረት ግን ለሰው አልሰጥም አልኩ።

ኪሮስ ሁለተኛውን ሲዲ አስገባ። ማያው ላይ ቁጥር ይጨምር ጀመር። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር እኔ “በስመ አብ” እላለሁ። ዘውዴ ከደጅ ብቅ አለችና “ሙሽራው አሁንም አልተነሣም?” አለች። ኪሮስ በእጁ ዝም አሰኛት። እሷም ፊቴን ስታይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

ቁጥሩ ግማሽ ሳይደርስ ሣጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ኪሮስ ቶሎ ብሎ አጠፋው። ቆየት ብሎ በመጀመሪያው ሲዲ አስነሣው። ሥዕሉ እንደ ቅድሙ መጣ፣ የወረቀቶቹ ስም ግን አልመጣም። የፍቺውም የቀለቡም የለም። ዲስኩን ፈትቶ አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠው።

“ይቅር ይበሉኝ እትዬ” አለኝ።

“አንተ ምን አደረግህ? መክረኸኝ ነበር” አልኩት።

ኪሮስ ግማሿን ውል መሥሪያ ቤቱ አትሞ አመጣልኝ። እሷንና ዲስኩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ በዚያው እምቢ ባልኩት መንገድ፣ ራሴ አዲስ አበባ ወረድኩ። ኪሮስ የነገረኝ ባለሙያ ዲስኩን ፈትሾ መለሰልኝ። “ደክሞ እያለ ባይነካካ ኖሮ ምናልባት” ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ያ ቀድሞ የተቀበለኝ የቢሮው ሰውዬም ወረቀቷን አገላብጦ አየ።

“እናቴ፣ ይሄ ከየት እንደሄደች ነው የሚነግረን። ወዴት እንደሄደች አይልም” አለኝ። ቢሆንም ወረቀቷን ተቀብሎ ከፋይል አያያዘልኝ። እስከ ዛሬ የመጣልኝ መልስ የለም።

ሰው አይጥ ነው፣ አቧራ ነው፣ ሙቀት ነው እያለ ያጽናናኛል። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። መጀመሪያ አየር ከለከልኩት፣ ቀጥሎ መንገድ ከለከልኩት። ሁለቱንም ያደረግሁት እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው።

ዘውዴ “እርምሽን አውጪ፣ አልቅሰሽ ይውጣልሽ” ትለኛለች። መርዶ ሳልሰማ እንዴት ብዬ? ይመለሳሉ ከሚባሉት ጋርም ስሟን መጥራት አፌን እየከበደው መጥቷል።

የንስሐ አባቴ ለጸሎት የቤተሰቡን የክርስትና ስም ሲጽፉ፣ የሕያዋኑን በአንድ በኩል፣ የሙታኑን በሌላ በኩል ያደርጉታል። የትርንጎ ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አንሥተው “እሷንስ ከየትኞቹ ጋር ላድርጋት?” ይሉኛል።

“አላውቅም አባቴ” እላቸዋለሁ። እሳቸውም ሳይጽፉ ያልፏታል።