ጋሼ ያሰመሩት ሜዳ

አጎቴን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጎረቤላ ከተማችን ውስጥ በአራት የሰፈር ቡድን የእግር ኳስ ሊጉን ስንጀምር፣ ቅዳሜ ማለዳ ከየጎረቤቱ ምድጃ አመድ በማዳበሪያ ሰብስበው ሜዳውን የሚያሰምሩት እሳቸው ነበሩ። «መስመር የሌለው ሜዳ ግጦሽ ነው» ይሉ ነበር።

ሊጉ አደገ። እኛ ሊጉን የጀመርነው ደመወዝተኛ ሆንን፤ ከደብረ ብርሃን ቡድኖች በአውቶቡስ መጡ፤ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሮ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ፤ አስማሪም ተቀጠረ። ባለፈው ጥቅምት ጋሼ በቆርቆሮው ቀዳዳ አይተው «የግራው መስመር ጠማማ ነው» አሉና አመዳቸውን ተሸክመው ወደ በሩ መጡ።

«አባባ፣ ባጅ የሌለው አይገባም» አላቸው ዘበኛው።

«ኳስ ለማየት አልመጣሁም ልጄ፤ መስመሩን ላቀና ነው።»

አላስገባቸውም። እኔ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከውስጥ አያለሁ። ጋሼ አመዱን ጓሯቸው ደፍተው ከዚያ ወዲያ የሜዳውን ነገር አላነሱም።

አርፈው አርባቸው ሳይወጣ የሊጉ ኮሚቴ ፎቷቸውን ጠየቀን። ቅዳሜ ዕለት ሜዳው ውስጥ ፎቶውን የክብር ወንበር ላይ አስቀምጦ የህሊና ጸሎት አስደረገ። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ እኔም ደፋሁ። እግሬ ሥር የግራው መስመር ነበር። ዛሬም ጠማማ ነው።