የጅግራ እንቁላል

የባሌን ወንድም ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ለእንቁላል ጨዋታ ተብሎ የሽማግሌ ኪስ ይፈተሻል?

የባሌ ቤተሰቦች ከአሜሪካ፣ ከሉዊዚያና የመጡ፣ ካጁን የሚባሉ የፈረንሳይ ዘሮች ናቸው። በፋሲካቸው ቀን ቀለም የተነከረ ቅቅል እንቁላል ይዘው ጫፍ ለጫፍ ያጋጫሉ፤ የተሰነጠቀበት ሰው እንቁላሉን ለአሸናፊው ያስረክባል። ለንደን ከገቡም ወዲህ አልተዉትም። በየዓመቱ ዌምብሊ እኛ ቤት ይሰበሰቡና አብረውን የሚኖሩትን አባቴንም ያጫውቷቸዋል።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ አንድ ብሎን ጎደለ ተብለው አያውቁም። እንግሊዝኛ አይችሉም። የነሱ ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ሁዳዴ መሃል ስለሚውል፣ ቢያሸንፉም እንቁላሉን አይቀምሱትም። ደግሞ አሸንፈው አያውቁም። በተሰነጠቀባቸው ቁጥር የባሌ ወንድም ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው "አይዞህ፣ ለከርሞ" ይላቸዋል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ፤ እኔ አራት ዓመት ሙሉ አረርኩ።

ባለፈው ዓመት ከብሪክስተን ገበያ የጅግራ እንቁላል ገዛሁ። ቅርፊቱ ከዶሮ እንቁላል በጣም ይጠነክራል። ቀቅዬ ቀይ ቀለም ነከርኩትና ጠዋት "አባባ፣ ዛሬ በዚህ ይጫወቱ" ብዬ ሰጠኋቸው። ምንነቱን አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን እንኳ እንዲያሸንፉ ፈለግሁ፣ በቃ።

አሸነፉ። ባሌን፣ አማቴን፣ በመጨረሻም ያንን ወንድምየውን። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሰውዬው ግን እንቁላሉን ከእጃቸው ነጥቆ በጥርሱ ኳ ኳ አደረገው፤ ካጁኖች ቅርፊት የሚፈትሹት እንዲህ ነው።

"የጅግራ ነው! ሽማግሌው አጭበርብሯል!"

ሌላም ደብቀው እንደሆነ ብሎ እጁን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተተ። እንቁላል የማይበሉ ሰው! ያገኘው መሐረብና የአውቶቡስ ካርድ ብቻ ነበር። ባሌ "ተው እንጂ" አለው እየሳቀ። እየሳቀ!

የሰጠኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ግን ፈራሁ። እነሱ ቤት በጅግራ እንቁላል ያጭበረበረ ሰው ስሙ ለዘላለም በክፉ ይነሳል፤ አማቴም ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"ምን አለ?" አሉኝ አባቴ።

ነገርኳቸው። እንቁላሉን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ገባቸው።

"አትደንግጪ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ራሴ ነኝ ከገበያ የገዛሁት ይላል በያቸው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል በያቸው።"

ሁሉም እኔን ይጠብቃሉ። ያንን ሰውዬ በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር። ባሌንም ጭምር። ግን እጄን አጣምሬ፣ አባቴ ያሉትን አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው።