ከአርባ ሦስት በኋላ የሚሰማው

ከማሉ ከቡታጅራ ብዙም የማትርቀው የቆሼ ከተማ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ቡታጅራ ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት ሲቀር ሁለት ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት ሠራ፤ ከዚያ እዚያው ቡታጅራ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ በካርድ ክፍል ቀጠረው፤ እነሆ ሰባት ዓመት ሆነው። በጣም ረጅም ስለሆነ ከመስኮቱ ጀርባ ሲቆም ታካሚዎች የሚያዩት አገጩንና እጆቹን ብቻ ነው። የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ከዚያ የዘለለ አይናገርም። ነርሷ ማርቲ፣ “የከማሉ ቃል እንደ ካርድ ተፈልጎ ነው የሚወጣው” እያለች ታበሽቀዋለች።

ፕሮግራም መጻፍ የተማረው ፎቶ ኮፒ ቤት ሳለ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ ብቻውን ነው። የሚጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ማንም በነጻ የሚያወርደው፣ ውስጡም ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ቋንቋውን የሚንከባከቡት ሰዎች በየአገሩ ተበታትነው የሚኖሩ ናቸው። በየጥቂት ወሩ የጥገና እትም ያወጣሉ። በዚህ እትም አዲስ ነገር አይጨመርም፤ የተበላሸው ብቻ ይስተካከላል፤ የተስተካከለውም በዝርዝር ይጻፋል። ሌላው ሰው የኳስ ዜና እንደሚያነብ ከማሉ ያንን ዝርዝር ያነባል። አንድ የማያውቀው ሰው ስህተት አይቶ፣ ሌላ የማያውቀው ሰው አርሞት፣ “ተስተካክሏል” የሚል ቃል ሲያይ ደስ ይለዋል።

የክሊኒኩን ተራ የሚጠራው ፕሮግራም የእሱ ሥራ ነው። ድሮ ሰው መስኮቱ ላይ ይጋፋ ነበር። አሁን ጠዋት ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይታደላል፤ ከማሉ አንድ ቁልፍ ሲጫን ድምጽ ማጉያው ቁጥሩን ይጠራል። ድምጹ የሩፋይዳ ነው።

ሩፋይዳ ካርድ ክፍል አብራው ትሠራ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት አንድ እሑድ፣ ከአንድ እስከ መቶ ቆጠረችለትና ቀዳው። መቶ ቦታ ከፋፈለው። ከየቁጥሩ በኋላ ያለውን ትርፍ ድምጽ ቆርጦ መጣል ነበረበት፤ ግን ላፕቶፑ ዘገምተኛ ሆነበትና አቋራጭ ፈለገ። በእያንዳንዱ ፋይል ራስጌ፣ ከድምጹ በፊት፣ የድምጹ ርዝመት የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ አጭር ርዝመት ጻፈ። ቋንቋው ራስጌውን አምኖ ቁጥሩ እንዳለቀ ያቆማል፤ የቀረው ድምጽ ግርጌው ላይ እንደተኛ ይቀራል። ያኔ ብልጠት መስሎት ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ሩፋይዳ ሞተች። ልቧ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ድምጿን እንቀይር ያለ ሰው አልነበረም፤ ከማሉም አላነሳውም።

እናቷ እማ ከድጄ በየማክሰኞው ከእንሴኖ ይመጣሉ። ለወጉ ደም ግፊታቸውን ይለካሉ እንጂ የሚመጡት ለመጠራት ነው። ሁልጊዜም የሚይዙት አርባ ሦስትን ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ነግረውታል፤ “አርባ ሦስት ስትል ድምጿ ይለሰልሳል። ቤት ውስጥ እኔን ስትጠራ እንደዚያ ነው።” ከማሉ ከዚያ ወዲህ ያንን ካርቶን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር፣ ሰኞ ከሰዓት፣ አዲስ የጥገና እትም ጫነ። ዝርዝሩን እንደልማዱ አነበበው። አንዱ መስመር፣ የድምጽ ፋይል ራስጌ ከእውነተኛው ያነሰ ርዝመት ሲይዝ ንባቡ ያለጊዜው ይቆም እንደነበርና አሁን እስከ መጨረሻው እንደሚያነብ ይናገራል። አነበበውና አለፈው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፉን ተጫነ።

“አንድ” አለች ሩፋይዳ። ከዚያ ተነፈሰች።

ሰው ልብ አላለም። ሰባት ከተጠራ በኋላ ወንበር ሲጥ ሲጥ ሲል ተሰማ። በአሥራ ሁለት ጉሮሮዋን ጠረገች። በአሥራ ዘጠኝ፣ “በሩን ዝጋው እስቲ” ስትል በር አጠገብ የተቀመጠች ሴት ተነስታ ዘጋችው። ከማሉ ጣቱ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ሰኞ ያነበበው መስመር አሁን ገና ገባው።

እማ ከድጄ ከድምጽ ማጉያው ሥር ካርቶናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው፣ “ትተነፍሳለች” አሉ፤ ለማንም አይደለም።

“ሠላሳ አንድ።” ከዚያ ቀጠለች። “መጣህ?”

ሠላሳ አንድ የደረሳቸው ጋሽ ሽፋ ናቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የመስቃን በርበሬ ገበሬ። ምርኩዛቸውን አንስተው፣ “እንዴታ! ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ እኮ የኔ ልጅ” ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሳቁ ሳያልቅ ከድምጽ ማጉያው የወንድ ድምጽ መለሰ፤ “መጣሁ። ጄኔሬተሩን አጠፋሁት።”

ሁሉም ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ዞረ። ድምጹ የከማሉ ነው፤ የከማሉ አፍ ግን ዝግ ነው። ጋሽ ሽፋ፣ “አዑዙ ቢላህ” ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ማርቲ እየሮጠች መጣች።

“ምንድን ነው የምትሠራው ከማሉ? ሰው እኮ እየፈራ ነው። አጥፋው!”

“ማንም እንዳይነካው” አሉ እማ ከድጄ ከተቀመጡበት። ድምጻቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ ማርቲ ግን ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ከማሉ ያ እሑድ እየተመለሰበት ነበር። ከሠላሳ በኋላ ሩፋይዳ ቆጠራውን አቋርጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ያለችውን ያስታውሳል። ሐኪሙ ልቧ ላይ ያገኘውን መቅዳት ሳይጀምሩ ለእሱ ብቻ ነግራው ነበር፤ በቆጠራው መሃል ደግሞ ቃል አስገባችው። በየትኛው ቁጥር ላይ? ያንን አያውቅም። የጆሮ ማዳመጫ ሰካና ገና ያልተጠሩትን አንድ በአንድ ወደፊት ሰማ። ሠላሳ ስምንት፣ ወረቀት ሲገለበጥ። አርባ፣ ምንም። አርባ ሁለት፣ ሳል። አርባ ሦስትን ሰማና ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣው።

ስምንት ሰዓት ላይ አርባ ሁለት ተጠራ። የሩፋይዳ ሳል አዳራሹ ውስጥ ተሰማ፤ አብራቸው የተቀመጠች ያህል።

ከማሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። “እማ፣ ይግቡ። ማርቲ እየጠበቀችዎት ነው።”

“አርባ ሦስት ተጠራ እንዴ?”

“ድምጽ ማጉያው ትንሽ ችግር አለበት።”

“ለአርባ ሁለት ችግር አልነበረበትም። ሂድ ልጄ። እሷ ትጥራኝ።”

ተመለሰ። ይህን ጊዜ የአርባ ሦስትን ራስጌ ትቶ ግርጌውን ቆረጠ፤ ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ሙሉውን ፋይል ሊያጠፋው አልቻለም፤ ሌላ ቦታ አስቀመጠው። ቁልፉን ተጫነ።

“አርባ ሦስት።”

ጸጥ አለ። ትንፋሽ እንኳ የለም። እማ ከድጄ ግማሽ ተነስተው፣ አንገታቸውን ወደ ድምጽ ማጉያው አቅንተው ጠበቁ። ሰው ሁሉ አብሯቸው ጠበቀ። ከዚያ በቀስታ እየተራመዱ ወደ መስኮቱ መጡና ካርቶኑን አስቀመጡ።

“የሽፋን ቁጥር ጠርታ ቀጠለች። አርባ ሁለትንም ጠርታ ቀጠለች። የእኔን ማን ቆረጠብኝ?”

“ማሽኑ ነው” ሊል ከማሉ አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ ያምኑት ነበር። ጎንበስ ብሎ አያቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከመስኮቱ ማዶ ያለ ሰው ፊቱን በሙሉ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

“እኔ ነኝ” አለ።

“ለምን?”

በሩን ከፈተላቸው፤ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ መስኮቱን ዘጋ። የድምጽ ማጉያውን ገመድ ነቀለና ሙሉውን ፋይል ከላፕቶፑ አሰማቸው።

“አርባ ሦስት” አለች ሩፋይዳ ከጠረጴዛው ላይ፤ በዚያ ለስላሳ ድምጿ። ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። የልስላሴው ምክንያት ምን እንደሆነ አሁን በግልጽ ይሰማል፤ ትንፋሽ እያጠራት ነው። “ከማሉ። ለእማ እንዳትነግራት። ከሰማች እንሴኖ ወስዳ ታስቀምጠኛለች። እሺ?”

ከዚያ የሦስት ዓመት በፊቱ ከማሉ፣ “እሺ” አለ።

ድምጹ አለቀ። እማ ከድጄ ዓይናቸውን ከላፕቶፑ አላነሱም።

“ምኑን ነው ያልነገርከኝ?”

ከማሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንዲት ልጅ ከእናቷ የምትደብቀው ነገር ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ አንዱን ቀላል ነገር መርጦ መናገር ይችል ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

“ልቧን፣ እማ። ልቧ እንደታመመ አውቅ ነበር። አዲስ አበባ ሂጂ ተብላ ነበር። አራት ወር ሙሉ አውቅ ነበር።”

ከውጭ ሰው መስኮቱን አንኳኳ፤ አርባ አራት መሆን አለበት። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። እማ ከድጄ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አጠበቁት።

“ድገመው” አሉ።

ከማሉ እጁን ወደ ላፕቶፑ ዘረጋ።

“እሱን አይደለም” አሉት። “አንተ ያልከውን።”

እጁን መለሰ። ከመጀመሪያው፣ ሐኪሙ ከጠራት ቀን ጀምሮ ነገራቸው።